ታክስ ልታሰሩ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀታችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

አሜሪካ ለምትኖሩ ነው የምጽፈው። ጃንዋሪ ሲገባ የፖስታ ሳጥናችን ይሞላል። አብዛኞቻችን ፖስታውን ሳንከፍት ጠረጴዛ ላይ እንከምርና፣ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሁሉንም በፌስታል ይዘን ታክስ ሰሪው ጋ እንሄዳለን። እዚያ አንድ ወረቀት ሲጎድል ወይ ቀጠሮው ይተላለፋል፣ ወይ «በግምት እንሙላው» ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ታክስ ሰሪው የሚያውቀው ያሳያችሁትን ብቻ ነው። ሲሳሳት ግን የአይ አር ኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ የሚመጣው እናንተ ቤት ነው፣ ምክንያቱም የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ።

ከታች ያሉት ቁጥሮች የ2025 ገቢን በ2026 ለሚያሰሩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቀጠሮውን አታስቸኩሉት

ቀጣሪ ደብሊው ቱ፣ ማለትም ያመቱን ደሞዝና የተቆረጠ ታክስ የሚያሳየውን ወረቀት፣ መላክ ያለበት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። አክሲዮን የምትገዙበት ድርጅት የሚልከው ወረቀት ግን እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ከፌብሩዋሪ 15 በኋላ ያለ ቀን ያዙ። ሪፈንዱ ቶሎ እንዲመጣ መሮጥም ብዙ አይጠቅምም፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን ክሬዲት ወይም ተጨማሪውን የልጅ ክሬዲት የሚያገኝ ሰው፣ ጃንዋሪ ላይ ቢያስገባም ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት ገንዘቡ እንዳይለቀቅ ሕጉ ይከለክላል። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ካልደረሰላችሁ እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። የሚራዘመው ግን ማስገባቱ ነው፣ መክፈሉ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ስማችሁን ከሶሻል ካርዱ ጋር አመሳክሩ

እኛ ሐበሾች በብዛት የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ሶሻል ካርድ አውጡና ስሙ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ በፊደል በፊደል እዩት። አንዱ ስም ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ በሌላ፣ ሶሻል ካርድ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለታክስ የሚያገለግለው የሶሻል ካርዱ ነው። ዜግነት ስትወስዱ ስም ቀይራችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ ካላስቀየራችሁ፣ መዝገቡ ላይ ያለው አሁንም የድሮው ነው። ካልተመሳሰለ ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል።

ልጅ ክሌም የምታደርጉ፣ ማለትም በእናንተ ሥር የሚተዳደር ብላችሁ ታክሳችሁ ላይ የምታስገቡ፣ ከሆነ የልደት ሰርተፍኬቱንም ያዙ። እኛ ቤት የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሦስት የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ይህንን የማያውቅ ሰው ዝምድናው ላይገባው ይችላል። ልጁ ከእናንተ ጋር እንደሚኖር የሚያሳይ፣ አድራሻ ያለበት የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ወረቀት ጨምሩ። ከልጁ አባት ወይም እናት ጋር የማትኖሩ ከሆነ ደግሞ ማን ክሌም እንደሚያደርግ ከቀጠሮው በፊት ተነጋገሩ።

አንድ የሚከብድ ነገር ልንገራችሁ። አገር ቤት ያሉ እናትና አባት ሙሉ በሙሉ በእናንተ ገንዘብ ቢኖሩም፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ለታክስ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ ካልሆኑ ክሌም ማድረግ አይቻልም። በየወሩ የምትልኩት ብርም ከታክስ አይቀነስም። ስለዚህ የሐዋላ ደረሰኝ በመሰብሰብ አትድከሙ።

ደረጃ 3፦ ያመቱን ሥራ ሁሉ ጻፉ

ወረቀት ከመፈለጋችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሠራችሁበትን ቦታ ሁሉ ጻፉ። ሁለት ሳምንት ብቻ ሠርታችሁ የተዋችሁትም ይቆጠራል፣ አይ አር ኤስ ግልባጩ አለው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ደብሊው ቱው መጥቶ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። አድራሻ የቀየራችሁ ከሆነ የድሮ ቀጣሪያችሁ ጋ ደውሉ። የሥራ አጥ ክፍያ፣ የባንክ ወለድ፣ የጡረታ ገንዘብ ካለም የራሳቸው 1099 (ከደሞዝ ውጭ ያለን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት) አላቸው።

ኦቨርታይም ወይም ቲፕ ያላችሁ ደግሞ የዲሴምበሩን የመጨረሻ ፔይስተብ አትጣሉ። ከ2025 ጀምሮ የኦቨርታይም ጭማሪው፣ ማለትም የ«ታይም ኤንድ ሃፍ»ዋ «ሃፍ»፣ ለአንድ ሰው እስከ 12,500 ዶላር፣ ቲፕ ደግሞ እስከ 25,000 ዶላር ከሚታሰበው ገቢ ላይ ይቀነሳል። የ2025 ደብሊው ቱ ላይ ኦቨርታይሙ ለብቻው ላይጻፍ ስለሚችል ማስረጃችሁ ፔይስተቡ ነው። ነርሲንግ ሆም፣ ፓርኪንግና ሬስቶራንት የምትሠሩ፣ ይሄን ሳታነሱ እንዳትወጡ።

ደረጃ 4፦ ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ

ኩባንያው የሚልክላችሁ 1099 ኬ የሚባለው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እጃችሁ የገባው ገንዘብ አይደለም። ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላው ነው፣ ኩባንያው የወሰደው ድርሻም እዚያ ውስጥ አለ። ያንን ወረቀት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ላልበላው ገንዘብ ታክስ ሊከፍል ይችላል። አፑ ውስጥ ገብታችሁ ያመቱን የታክስ ማጠቃለያ አውርዱ፣ የተቆረጠባችሁ እዚያ ተዘርዝሯል። 1099 ባይመጣላችሁም ገቢው ገቢ ነው። ከወጪ የተረፈው 400 ዶላር ከሞላ ማስገባት ግድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማይል ነው። ለ2025 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል ከሚታሰበው ገቢ ላይ 70 ሳንቲም ያስቀንሳል፣ ስለዚህ 20,000 ማይል ማለት 14,000 ዶላር ነው። የአፑ መዝገብ የነዳችሁትን ሁሉ ላይይዝ ስለሚችል፣ ጥሪ እየጠበቃችሁና ተሳፋሪ ልታነሱ ስትሄዱ የነዳችሁትን የሚያሳይ የራሳችሁ መዝገብ ያስፈልጋችኋል። መዝገብ ያልያዛችሁ ዘይት የቀየራችሁበትን ደረሰኝ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑና የመኪናው ማይል ይጻፍበታል። በማይል ካሳሰባችሁ የቤንዚን፣ የጥገናና የኢንሹራንስ ደረሰኝ በተጨማሪ አይታሰብም። ቶልና የሥራ ፓርኪንግ ግን ይታሰባል። በዓመቱ ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ቀድማችሁ የከፈላችሁት ታክስ ካለ፣ ቀኑንና መጠኑን ጽፋችሁ ያዙ።

ደረጃ 5፦ ኦባማ ኬር ላይ ያላችሁ 1095 ኤ ፈልጉ

ኢንሹራንሳችሁ በኦባማ ኬር ገበያ (ማርኬትፕሌስ) ከተገዛ፣ ያመቱን የኢንሹራንስ ክፍያና የመንግሥት ድጎማ የሚያሳየው ይህ ወረቀት የግድ ነው። ያለ እሱ ፋይሉ ይመለሳል፣ ወይም ሪፈንዳችሁ ተይዞ ደብዳቤ ይመጣል። በፖስታ ካልደረሳችሁ ኢንሹራንሱን የገዛችሁበት ድረ ገጽ ላይ አካውንታችሁ ውስጥ አለ። ሜዲኬይድ ወይም የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ላላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም።

ደረጃ 6፦ ወጪዎች

ለሥራ ብላችሁ ልጅ የምታስጠብቁ ከሆነ የጠባቂዋን ስም፣ አድራሻና የታክስ ቁጥር ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀጠሮው ላይ ተቀምጦ መደወል አያዛልቅም። ኮሌጅ የሚማር ካለ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን የክፍያ ወረቀት፣ 1098 ቲን፣ ያዙ። ለቤተክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሰጣችሁትስ? ለ2025 ላላገባ 15,750፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ያለ ደረሰኝ ከገቢ ላይ ስለሚቀነስ፣ ስጦታው ከ ቤት ብድር ወለድና ከስቴት ታክስ ጋር ተደምሮ ከዚያ ካላለፈ በቀር ደረሰኙ ለውጥ አያመጣም። ከ2026 ጀምሮ ግን ይህንን መደበኛ ቅናሽ የሚጠቀሙም ለአሜሪካ ድርጅት በገንዘብ የሰጡትን እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ማስቀነስ ስለሚችሉ፣ የ2026ን ደረሰኝ አስቀምጡ። በቀጥታ አገር ቤት ላለ ደብር የተላከ አይቆጠርም።

ደረጃ 7፦ አገር ቤት ያለውን አትደብቁ

አዲስ አበባ ያከራያችሁት ኮንዶሚኒየም ካለ ኪራዩ እዚህም ይገለጻል። እዚያ የከፈላችሁበትን የግብር ደረሰኝ ከያዛችሁ ሊታሰብላችሁ ይችላል። የባንክ ሂሳብ ካላችሁ ደግሞ፣ የዲያስፖራ አካውንትም ሆነ ከእናታችሁ ጋር በጋራ የከፈታችሁት፣ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ያለበትን መጠን ጻፉ። ሁሉም ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ኤፍባር የሚባል ለብቻው የሚላክ ሪፖርት አለ። ታክስ አያስከፍልም፣ አለማሳወቁ ግን ከባድ ቅጣት አለው። ታክስ ሰሪው ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ አንሱት።

ደረጃ 8፦ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ

ያለፈውን ዓመት ታክስ፣ ከአይ አር ኤስ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ (ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ካላችሁ እሱንም)፣ መታወቂያና የባንካችሁን ራውቲንግና አካውንት ቁጥር ያዙ። አብራችሁ የምታስገቡ ባልና ሚስት ሁለታችሁም ሂዱ። ከመፈረማችሁ በፊት የአካውንት ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ተከፍሎት ታክስ የሚሠራ ሰው ራሱም መፈረምና ፒቲን የሚባለውን ቁጥሩን መጻፍ አለበት። አልፈርምም ካለ ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። ሲጨርስ ሙሉውን ግልባጭ ተቀበሉና ከሰበሰባችሁት ወረቀት ጋር ባንድ ፎልደር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት አቆዩት።