ብራኬት ስትሞሉ ከዋንጫው ጀምሩ

የማርች ማድነስ (የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር) ብራኬት፣ ማለትም የየጨዋታውን አሸናፊ አስቀድሞ መገመቻ ሰንጠረዥ፣ የምትሞሉ ሁሉ፣ መጀመሪያ ሻምፒዮኑን ምረጡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ሙሉ። ምክንያቱ ነጥቡ ነው። በተለመደው አቆጣጠር የመጀመሪያ ዙር ትክክለኛ ግምት 1 ነጥብ ያሰጣል፣ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ዋንጫው ላይ 32 ይደርሳል። አንዱ የዋንጫ ግምት ብቻውን የመጀመሪያውን ዙር 32 ጨዋታዎች በሙሉ ያክላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚያው መጀመሪያ ዙር ላይ ነው።

ቡድኖቹ በየምድባቸው እንደ ጥንካሬያቸው ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። 16ኛው 1ኛውን ይጥላል ብላችሁ አትሙሉ፤ በወንዶቹ ውድድር የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ፣ በ2023 ፐርዱ ላይ። ያልተጠበቀ ውጤት የምትፈልጉ ከሆነ 5ኛው ከ12ኛው የሚገናኝበትን እዩ፤ ከሦስት ጨዋታ አንዱን ያህል 12ኛው ይወስዳል። ብቻ ያንን ቡድን ሩቅ አታስኪዱት። መጀመሪያ ዙር ላይ ብትሳሳቱ የምታጡት 1 ነጥብ ነው፣ ወደ ሩብ ፍጻሜ ከገፋችሁት ግን ስህተቱ እየተደራረበ ይሄዳል።

ተፎካካሪው አሥር ሰው ከሆነ ብዙዎች የሚመርጡትን ጠንካራ ቡድን ያዙ። መቶዎች ካሉበት ግን ሌላው ሰው የዘለለውን 1ኛ ወይም 2ኛ ደረጃ ያለው ቡድን ሻምፒዮን አድርጉ፤ ሁሉም የያዘውን ይዞ ማንንም መብለጥ አይቻልም። ሐሙስ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የተጎዱ ተጫዋቾችን ዜና አንዴ ተመልከቱ፣ ብራኬቱ ከተዘጋ በኋላ ማስተካከል የለም።