በአየር የሚነፋ ካያክ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአፓርታማ ለሚኖርና መኪናው ላይ ጀልባ መጫን ለማይችል ሰው በአየር የሚነፋ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ምቹ ነው። አየሩ ሲወጣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ አብዛኞቹ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ቢመዝኑ ነው። ሆኖም በፎቶ የሚመሳሰሉ ሁለት ካያኮች ውኃ ላይ ሲወርዱ ጭራሽ ላይገናኙ ይችላሉ። የሚለያያቸው ወለላቸውና የሚይዙት የአየር ግፊት ነው፤ ገዢም አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

የሚቀዝፉበትን ውኃ ሳይለዩ መግዛት

ለረጋ ሐይቅ የተሠራ ካያክ ድንጋያማና ፈጣን ወንዝን አይችልም። ለፈጣን ወንዝ የሚሠሩት ወለላቸው ላይ ቀዳዳ ስላላቸው የገባው ውኃ በዚያው ይወጣል። ይህንኑ ሐይቅ ላይ ቢወስዱት ግን ውኃ ከሥር እየገባ መቀመጫዎ እንደራሰ ይውላል። ሁለቱንም የሚያስቡ ከሆነ ቀዳዳው በክዳን የሚዘጋውን ይምረጡ። የትም ይቅዘፉ የት፣ ሁለት ጎንና ወለል፣ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የአየር ክፍሎች የሌሉትን አይግዙ። አንዱ ቢተነፍስ የቀሩት ተሸክመው ዳር ያደርሱዎታል።

«የ2 ሰው» የሚለውን ማመን

መታየት ያለበት ኪሎው ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ጭነት ካያኩ መሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ በደንብ የሚሄድበት አይደለም። ከተጻፈው 70 በመቶ ገደማ ላይ ያቁሙ። 180 ኪሎ የሚል ከሆነ 126 ኪሎ መሆኑ ነው፤ 75 እና 65 ኪሎ የሚመዝኑ ባልና ሚስት ግን ምሳቸውን ሳይዙ እንኳ 140 ናቸው። እነሱ 220 ኪሎ ገደማ የሚችል ይፈልጉ። ከ3 ሜትር ያጠረ ካያክ ደግሞ በየቀዘፋው አፍንጫው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከ3.5 ሜትር በላይ የሆነውና ከሥሩ የሚሰካ ክንፍ ያለው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ወለሉንና ፓምፑን ችላ ማለት

የርካሾቹ ወለል እንደ አየር ፍራሽ ነው፤ ግፊቱ ከ1 እስከ 3 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ቢደርስ ነው። ሰው ሲቀመጥበት መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ካያኩ ይጎብጣል፣ ጉልበትዎም በከንቱ ያልቃል። ድሮፕ ስቲች የሚባለው ወለል ግን የላይኛውንና የታችኛውን ጨርቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ስለሚያያይዙት ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ ሲነፋ ሳያብጥ እንደ ሳንቃ ይጠነክራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ገንዘብ የሚጨመር ከሆነ እዚህ ላይ ይጨመር።

እንዲህ ያለውን ወለል ገዝቶ በፍራሽ መንፊያ ለመሙላት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የፍራሽ መንፊያ ብዙ አየር ቶሎ ያስገባል እንጂ ግፊት የለውም። የነዳጅ ማደያው የጎማ መንፊያ ደግሞ የተሠራው ለመኪና ጎማ ስለሆነ መጋጠሚያውን በቅጽበት ሊቀደው ይችላል። የሚያስፈልግዎት የግፊት መለኪያ ያለው ጠንካራ የእጅ ፓምፕ ነው፤ አፉ ከካያኩ ቫልቭ ጋር መግጠሙን ሳይከፍሉ ያረጋግጡ። ወለሉ 10 ስለሚፈልግ ጎኖቹም 10 ይችላሉ ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የተጻፈለትን ቁጥር ይከተሉ። ካያኩ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከ10 ደቂቃ በኋላ ለክተው ይሙሉ። አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጡት ደግሞ በሙቀት ግፊቱ ይጨምራልና ትንሽ ያስተንፍሱት።

አብሮ በሚመጣው መቅዘፊያ መርካት

90 ሴንቲሜትር ለሚሰፋ ካያክ ከ230 እስከ 240 ሴንቲሜትር የሚረዝም መቅዘፊያ ያስፈልጋል። በአጭሩ ሲቀዝፉ እጅዎ ከጎኑ ጋር ይጋጫል፣ ውኃውም ጭንዎ ላይ ይንጠባጠባል።

ያገለገለውን ሳይነፉ መግዛት

ሻጩ ፊትዎ እስከ ሙሉ ግፊቱ ይንፋው። በሳሙና ውኃ ቫልቮቹንና መጋጠሚያዎቹን ያርሱ፤ አረፋ የሚተፋበት ቦታ አየር ያወጣል። በእሾህ የተበሳ ጎን በቀላሉ ይጠገናል፤ ሙጫው የለቀቀ መጋጠሚያ ግን ከባድ ነው፣ ይተዉት። ሲነኩት የሚያጣብቅ ጨርቅም ያረጀ ነው። ሌሊቱን አድሮ ትንሽ ቢለሰልስ አይደንግጡ፤ ብርዱ ብቻውን ግፊቱን ይቀንሰዋል።

ነፋስንና ላይፍ ጃኬትን መርሳት

ቀላልና ከውኃ በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ነፋስ እንደ ቅጠል ይወስደዋል። የሚያስፈራው ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍሰው ነው፤ ዳር ላይ ሲቆሙ ውኃው የረጋ ይመስላል፣ ሲገቡ ግን መመለሻ ያሳጣል። በገሊላ ባሕር፣ በኪነሬት፣ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ነፋስ ይነሣል፤ ከጥብርያዶስ የወጣን ሰው ወደ መሐል ይገፋዋል። እዚያ ጠዋት ገብቶ ቀትር ሳይደርስ መውጣት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ካያክ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የጸደቀ ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) እንዲኖር ያስገድዳል፤ እኛ ግን ይኑር ሳይሆን ይለበስ እንላለን። ወደ ጣና ይዞት የሚሄድ ደግሞ ጉማሬ የሚውልበትን ዳር አስቀድሞ የአካባቢውን ታንኳ ቀዛፊዎች ይጠይቅ።

እርጥቡን መጠቅለል፣ በብስክሌት ሙጫ መጠገን

የጣና ቀዛፊ የደንገል ታንኳውን አውጥቶ የሚያደርቀው ውኃ ያዘለ ታንኳ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ ነው። ካያክም ሳይደርቅ ከተጠቀለለ ይሻግታል፤ በተለይ የአየር ከረጢቱን በጨርቅ የሸፈኑት ዓይነቶች በመካከል ውኃ ይደብቃሉ። ሲመርጡ ዚፑ ተከፍቶ ውስጡ የሚደርቀውን ይፈልጉ። ለጥገና ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ካያክ የፒቪሲ ሙጫ ይፈልጋል፤ የብስክሌት ጎማ ሙጫ አይዘውም። ቦታውን በአልኮል ጠርገው፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ለጥፈው፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይንፉት።