ኩሬህ ውስጥ ቆሮሶ ከመጨመርህ በፊት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ አንድ ጎረቤት አለኝ። ማንጎውን የሚያጠጣበት ኩሬ ግቢው ውስጥ አስቆፍሯል። ባለፈው ከሚኒሶታ የመጣ ዘመዱ ኩሬውን አየና «እኛ ጋ ክራፒ የሚባል ዓሣ አለ፣ እሱን ብትጨምርበትስ?» አለው። ጎረቤቴ በነጋታው እኔ ጋ መጣ።

ክራፒን ቶሎ ዘጋነው። የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ የውጭ ዓሣ ያለ ፈቃድ አምጥቶ ውሃ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ አይቻልም። እዚያው አገሩም ቢሆን ትንሽ ኩሬ ያለው ሰው እንዳይጨምረው ይመከራል። ይራባል፣ ይራባል፣ ከዚያ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ቲላፒያ የምንለው የኛው ቆሮሶም ያው አመል አለበት። እኔ ራሴ ወንድ ሴት ሳልለይ ጨምሬ፣ ከስምንት ወር በኋላ በአሮጌ አጎበር ስጎትት፣ አጎበሩ ሙሉ ጣት የሚያክል ዓሣ ወጣልኝ። ድመቶቹ ብቻ ተደሰቱ።

እናም ሳትገዛ በፊት እነዚህን ነገሮች አጣራ። ድሬ ነን፣ «አንቱ» አይመጣልኝም፤ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ውሃውን

ኩሬህ 10 በ10 ሜትር ነው እንበል። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢተን 600 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 30! በየቀኑ። የራስህ ጉድጓድ ከሌለህ እዚሁ ላይ አቁም።

መትነኑ አንድ ነገር ነው፣ መስረጉ ሌላ። ለመለየት ባልዲ ውሃ ሙላና ኩሬው ውስጥ ዳር ላይ አቁመው። ድንጋይ ጨምርበት፣ እንዳይንሳፈፍ። የባልዲውንም የኩሬውንም የውሃ ልክ ምልክት አድርግ። ሦስት ቀን ውሃ አትጨምር፣ አትቅዳም። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ፀሐይ ነው የወሰደው። ኩሬው በልጦ ከወረደ ግን እያፈሰሰ ነው። የኛ አፈር ብዙ ቦታ አሸዋ ስለሆነ ወይ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ታነጥፋለህ፣ ወይ ትተወዋለህ።

ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው የድሬ ውሃ ለቆሮሶ ችግር የለውም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ግን ክሎሪኑ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆይ። ኩሬው ጎርፍ በሚያልፍበት መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ እርሳው። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ሙቀቱን

ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ለድሬ ይህ ቀላል ነው። ሐረር ላይ ግን፣ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውሃው ይቀዘቅዛል። ዓሣው መብላት ይቀንሳል፣ እድገቱም ይጎተታል። ለሐረር ሰው ብርድ የሚችለው ዱባ፣ ማለት ካርፕ፣ ይሻለዋል። ውሃ ካገኘ ነው እንግዲህ። ሐረር የምትጠጣውን እንኳ ከድሬ በኩል ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ስባ ነው።

ዋናው ጥያቄ፦ ጫጩቱን ማን ይበላዋል?

ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ልጆቿም ከተፈለፈሉ በኋላ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ የሚጠበቅ ጫጩት ብዙው ይተርፋል። እናትየዋ ደግሞ መዳፍ ሳትሞላ መውለድ ትጀምራለች። ምግቡ ያው፣ አፉ ግን በየወሩ ይበዛል።

መላው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ወንድ ብቻ መጨመር ነው። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል፣ ኩሬውም አይጨናነቅም። ሰበታ ወይም ባቱ ወዳሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ስትደውል «ወንድ ብቻ አላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ከሌላቸው ሁለተኛው አምባዛ የሚባለውን ዓሣ መጨመር ነው፣ ለ10 ቆሮሶ አንድ ገደማ። እሱ ጫጩቱን እየለቀመ ይበላልሃል። ግን ቆሮሶዎቹ ከአፉ በላይ ከሆኑ በኋላ ጨምረው፤ አለዚያ ዋናውንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይጨርሳል። አጥርም ያስፈልገዋል። አምባዛ ዝናባማ ሌሊት በደረቱ እየተንፏቀቀ ግቢ ያቋርጣል፣ አልቀልድም።

ሦስተኛው በመረብ እያወጣህ መቀነስ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁሉም እቀንሳለሁ ይላል፣ ማንም አይቀንስም። ስለዚህ በዚህ ብቻ ተማምነህ አትጀምር።

ደንበኛም አስብ። ዓሣ ሳይታረድ ሐላል ስለሆነ ለሙስሊም ጎረቤትህ አያስቸግርም፤ በጾም ወቅት ደግሞ ፈላጊው ይጨምራል።

ከጨመርክ

በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን። ጫጩቶቹ ኦክሲጅን በተሞላ ፕላስቲክ ሌሊት ተጉዘው ይምጡ። እንደደረሱ አታፍስሳቸው። ፕላስቲኩን ሳትፈታ 20 ደቂቃ ያህል ኩሬው ላይ አንሳፍፈው፣ ሙቀቱ ይስተካከል።

ፍሩሽካና ፋጉሎ ትመግባለህ። ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ደስ ይበልህ፣ ምግብ ነው። ሲበዛ ግን ሌሊት ኦክሲጅኑን ይጨርሳል። እጅህን እስከ ክርንህ አስገባ። መዳፍህ ክርንህ ሲሰምጥ ገደማ ከጠፋ ልኩ ነው። አንጓህ ሳይገባ ከጠፋ በዝቷል፤ መመገብ አቁም፣ አዲስ ውሃ ጨምር። ማለዳ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ካደረጉም እንደዚያው።

ጎረቤቴ ለጊዜው ባልዲውን ኩሬው ውስጥ አቁሞታል። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ኩሬው ከባልዲው በሁለት ጣት በልጦ ወርዷል፣ እሱ ግን «ወፎች ጠጥተውት ነው» ይለኛል።