ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ፓወር ባንክ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መብራት ሲጠፋ ስልክን የሚሞላው ዕቃ በገዛ እጅ የተሠራ ሲሆን ደስታው ሌላ ነው። ዕቃውም ውድ አይደለም። «ሞቷል» ተብሎ የተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 18650 የሚባሉ ስድስት ሴሎች (ክብ፣ ረዘም ያሉ ትናንሽ ባትሪዎች) አሉ፤ ባትሪውን የገደሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁለት ደህና ሴሎች ሌላ የሚያስፈልገው ቲፒ4056 የቻርጅ ሞጁል፣ ኤምቲ3608 የቮልት ማሳደጊያና ቴስተር ነው።

ሽፋኑን በካቻቪቴ መፈልቀቅ። ጫፉ ሴሉን ከበሳው እሳት ሊነሳ ይችላል። የሴሉ ጎንና ታች በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት፤ ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ላስቲክ ነው። ስለዚህ የፕላስቲኩን ጠርዝ በፒንሳ ቀስ እያሉ ይስበሩ። የኒኬል ማያያዣዎቹንም አንድ በአንድ ይቁረጡ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቁረጥ በፒንሳው በኩል ሾርት ያደርጋል። ከሴሉ ላይ ግን አይንቀሏቸው፤ በኋላ ይፈለጋሉ።

ሁሉንም ሴል ለማዳን መሞከር። በቴስተር ሲለካ ከ2 ቮልት በታች የወረደ ሴል አይነሳም ብለው ይተዉት። በዚህ ደረጃ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ እንደገና ሲሞላ ሴሉን ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። ደህና የሚመስለውን ለየብቻ እስከ 4.2 ቮልት ይሙሉና ለሳምንት ያስቀምጡት። ከ4 ቮልት በታች ከወረደ፣ ወይም ሲሞላ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ይጣል። አዲስ ሴል የሚገዛ ሰው ደግሞ «9900 ሚሊአምፔር አወር» የሚለውን የአቅም ጽሑፍ አይመን፤ እውነተኛ 18650 አብዛኛውን ጊዜ ከ3600 ገደማ አያልፍም።

ቮልታቸው የተለያየ ሴሎችን በፓራሌል (ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ) ማገናኘት። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ስህተቱ ለዓይን አይታይምና። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.3 ቮልት ቢሆን ልዩነቱ 0.8 ነው። የሁለቱ ሴሎች የውስጥ ሬዚስታንስ ተደምሮ 0.1 ኦም ያህል ከሆነ፣ ባገናኙበት ቅጽበት 8 አምፔር ከሙሉው ወደ ባዶው ይፈሳል። ልዩነቱ ከ0.05 ቮልት በታች ሳይሆን አያገናኙ።

ሴሉ ላይ በቀጥታ ሶልደር ማድረግ። መበየጃው 350 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ሴሉ ውስጥ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ግን በ130 አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። አይንቀሏቸው ያልናቸው የኒኬል ቁራጮች ለዚህ ነው የሚያገለግሉት፦ ሽቦውን ከሴሉ ውጭ በተረፈው ጫፋቸው ላይ በሁለት ሴኮንድ በይደው ይጨርሱ።

የቲፒ4056 ቀዳዳዎችን ማምታታት። መከላከያ ያለው ዓይነት ቢ+ እና ቢ−፣ እንዲሁም አውት+ እና አውት− የሚሉ ቀዳዳዎች አሉት። ባትሪው በቢ፣ ማሳደጊያው በአውት በኩል ይገናኛል። ሁለቱንም በቢ ላይ ቢያገናኙም መሥራቱን ይሠራል፤ ነገር ግን ሞጁሉ ባትሪውን ከመጠን በላይ ከመራቆትና ከሾርት አይጠብቀውም። መከላከያ የሌለውን ርካሹን ሞጁል ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይግዙ። የቻርጁን መጠን የሚወስነው 1.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲሆን 1 አምፔር ይሰጣል። ለሁለት ሴል ይህ ምቹ ነው። አንድ አሮጌ ሴል ብቻ ከሆነ በ2 ኪሎኦም ይቀይሩት፤ ወደ 580 ሚሊአምፔር ይወርዳል።

ኤምቲ3608ን ሳይለኩ ስልክ መሰካት። ይህ ሞጁል እስከ 28 ቮልት ማውጣት ይችላል፤ ተስተካክሎ አይመጣም። ስልክ ሳይሰካ ባትሪውን ያገናኙ፣ ቴስተሩን መውጫው ላይ ያድርጉና ትንሿን ብሎን ወደ ግራ ያዙሩ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ዙር ዞራም ቁጥሩ ላይነቃነቅ ይችላል፤ ተበላሽቷል ብለው አይተዉት። 5.0 ወይም 5.1 ላይ ሲደርስ ያቁሙ።

በመጨረሻ ስሌቱ። እያንዳንዳቸው 2000 ሚሊአምፔር አወር የሆኑ ሁለት ሴሎች 4000 ቢባሉም ይህ በ3.7 ቮልት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲያድግና 15 በመቶው በሙቀት ሲባክን ስልኩ የሚያገኘው 2500 ገደማ ነው። ባትሪውም ለ1 አምፔር መውጫ 1.6 አምፔር ያህል ስለሚሰጥ፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ሽቦ የቀጠነ ነገር ይሞቃል፤ ከባትሪው እስከ ማሳደጊያው ድረስ ወፈር ያለና አጭር ሽቦ ይጠቀሙ።