ቤተሰብ ከልጁ ጋር የሚያነብበት ፕሮግራም እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። እኛ ደሴ ላይ ሰኞ ብለን ለጠፍን፤ ሰኞ ገበያ እያለ ማን ይመጣል? አርብ ጁምዓ፣ እሁድ ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ተስማማን። 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የጦሳ ተራራ ብርድ ይወርዳል፣ ልጆቹም ይነጫነጫሉ።

መጽሐፍ መግዣ ካጣችሁ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የሚባሉ ድረ ገጾች ላይ የአማርኛ ተረቶች በነፃ ይወርዳሉ። ከከሚሴ በኩል የመጡ ቤተሰቦች ካሏችሁ ኦሮምኛውንም አትሙ። በስቴፕለር መሃሉን መምታት በቂ ነው። ፕሮጀክተር እንስጣችሁ የሚል ከመጣ አመስግናችሁ መልሱት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ፕሮግራሙም ይጠፋል።

ከባዱ ነገር ወላጁ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ለአንድ አባት መጽሐፍ ሰጥቼ «ጋሼ፣ እስቲ ለልጅዎ ያንብቡላት» አልኩ። «መነጽሬን ረሳሁ» አሉኝ። እኔ ጅል፣ ተሯሩጬ የሰው መነጽር ተውሼ መጣሁ። አደረጉት። መጽሐፉን አዩ፣ ዝም አሉ። ልጅቷ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። በሳምንቱ አልመጡም፤ ከዚያም ወዲህ አላየኋቸውም።

ስለዚህ «አንብቡ» የሚለውን ቃል ተዉት። «ሥዕሉን አሳዩዋት» በሉ። ልጁ ጉያቸው ይቀመጥ፣ መጽሐፉ ጉልበት ላይ ይዘርጋ። ወላጁ «ይሄ ምን እያደረገ ነው? አሁን ምን ሊመጣ ነው?» እያለ ይጠይቅ። ልጁ ዝም ካለ ቶሎ አትመልሱለት፤ በሆዳችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ይህን ለማድረግ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ተረቱን ከወላጆቹ ውሰዱ። አንዷ «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፤ እናንተ ጥግ ይዛችሁ ጻፉ። በየገጹ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ አትሙት፤ ሥዕሉን ልጆቹ ይሣሉት። በሳምንቱ ልጁ ለባለተረቷ ያነብላቸዋል። ተረቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት እሳቸውም በጣታቸው ይከተላሉ።

ስትጽፉ ግን አታሳምሩ። የአንዲት እማማን ተረት በራሴ ቋንቋ አስተካክዬ አሳተምኩት። የልጅ ልጃቸው «ጅቡም…» ብላ ማንበብ ስትጀምር አቋረጧት።

«አያ ጅቦ ነው ያልኩት!»

ስምንቱንም ቅጂ ሰብስበን በእስክሪብቶ አረምን።