የቲቪ ውድድር ፋይናሊስቶችን የኮቨር አልበም የሚያበላሹ ስህተቶች

የውድድሩ ልጆች መድረክ ላይ ሲዘፍኑ እንባችን ይመጣል፣ የሌሎችን ዘፈን እንደገና የዘፈኑበት (ኮቨር) አልበም ሲወጣ ግን ሁለቴ እንኳን አንሰማውም። ስቱዲዮ ቅንብር ስለምሰራ ለምን እንደሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋናው የፈቃድ ነገር ነው። ብዙ ሰው ዘፋኙ ወይ ቤተሰቡ እሺ ካለ ያለቀ ይመስለዋል፣ አላለቀም! ጥላሁን የዘፈነውን ግጥም አንድ ሰው፣ ዜማውን ደግሞ ሌላ ሰው ሰርቶት ሊሆን ይችላል፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት ደግሞ የደራሲው መብት ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ስለዚህ "የድሮ ዘፈን እኮ ነው" ብሎ ዝም ብሎ መቅረጽ የለም። አንዴ ሚክሱ (ድምጾቹን የማዋሃዱ ስራ) ሁሉ ካለቀ በኋላ የዜማ ደራሲው ልጆች መጡና ዘፈኑ ከአልበሙ ተሰረዘ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዘፈነችው ልጅ ፊት አሁንም አይጠፋኝም።

ሌላው ኪይ ነው፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምጽ ከፍታ ማለቴ ነው። ማህሙድ በዘፈነበት ኪይ ሴት ልጅ ስታዘፍኑ ታች ላይ ድምጿ ይጠፋል፣ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ወደ ላይ ስታወጣው ደግሞ ትጮሃለች። ቀይሩላት በቃ፣ ነውር የለውም።

ቅኝት ላይ ግን በጣም ነው የሚከፋኝ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ኖታዎቹ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ናቸው፣ ፋ እና ሲ የሉበትም፣ ኪቦርዲስቱ ላሳምረው ብሎ ፋ ያለበት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ከስር ሲያስገባ ልጁ ሳይታወቀው ወደዛ ይሳብና ትዝታነቱ ይጠፋል። መጀመሪያ በክራር ብቻ አዘፍኑት፣ ቅላጼው ቦታውን ሲይዝ ሌላውን ጨምሩ።

ደግሞ አስቴርን ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ድረስ ኮፒ ማድረግ ለውድድር ያስጨበጭብ ይሆናል፣ አልበም ላይ ግን አድማጩ ኦሪጅናሉ ስልኩ ላይ አለ፣ የልጅቷን ድምጽ ነው የሚፈልገው።

የቲቪውን ድምጽ ቆርጦ አልበም ማድረግም ይቅር፣ እንደገና ቅረጹ።

ዘፈን ሲመረጥ ሁሉም የሚወደውን ይዞ ከመጣ አልበሙ ዝብርቅርቅ ይላል። አሜሪካን አይዶል የሚባለው የአሜሪካ የቲቪ ዘፈን ውድድር ሰዎች በአልበማቸው ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የ2ኛውን ሲዝን ልጆች የፍቅር ዘፈን፣ በ2004 ደግሞ የ3ኛውን ሶል (soul) የሚባለውን የሙዚቃ ስልት ብቻ ነው ያዘፈኗቸው። ፍጥነታቸውም ይገርማል፣ የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. መስከረም (ሴፕቴምበር) 2002 መጀመሪያ ላይ አልቆ አልበሙ ጥቅምት (ኦክቶበር) 1 ወጣ፣ እኛ ጋ ግን ዓመት ይቆይና ሰው የልጆቹን ስም ረስቶ ይጠብቃል።

ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ደግሞ የልጁን ስም ብቻ አትጻፉ፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ መጀመሪያ የዘፈነው ማን እንደሆነ እዛው ከስሩ አስገቡት።