የዳይኖ ውድድር ስታዘጋጁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ዳይኖ መኪናው ሮለር ላይ ቆሞ ጎማውን እያሽከረከረ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን ነው፤ ውድድሩም የማን ይበልጣል ነው። ከትልቁ ስህተት ልጀምር፦ የማስተካከያ ስሌቱን ሳይወስኑ ውድድር መክፈት። እዚህ ዴንቨር ላይ ያየሁት ጭቅጭቅ አብዛኛው መነሻው ይኸው ነው፤ ሰሚ ግን የለም።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ስለሚያንሰው ቆላ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት እዚህ አይሰጥም። ይህን ለማካካስ የዳይኖው ኮምፒውተር የዕለቱን የአየር ግፊት፣ ሙቀትና እርጥበት አንብቦ የተለካውን ቁጥር ያባዛል። ኤስኤኢ በሚባለው ስሌት እዚህ ማባዣው 1.2 ገደማ ይመጣል። ቱርቦ ለሌለው መኪና ይህ ተገቢ ነው። ባለ ቱርቦው ግን አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ቀድሞ ሞልቶታል። እሱንም በ1.2 ስታባዙት ያልከሰረውን ካሳ እየከፈላችሁት ነው። ሮለሩ ላይ 250 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ባለ ቱርቦ ሱባሩ ወረቀቱ ላይ 300 ሆኖ ቁጭ ይላል።

በአንዱ ውድድር ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሙስታንግ ይዞ የመጣ ሰውዬ እንዲህ ባለ አንድ ሱባሩ በጥቂት ፈረስ ተበለጠ። ሰውዬው ዝም ብሎ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋና የራሱን የተባዛ ቁጥርና የሱባሩን ሳይባዛ የወጣውን ቁጥር በጣቱ አሳየ። ሙስታንጉ በደንብ ይበልጣል! ዋንጫው ግን ተሰጥቷል፣ ፎቶም ተነስቷል። ሱባሩን ያመጣው ልጅ ምን ያድርግ? ጥፋቱ ደንቡን አስቀድሞ ያልጻፈው አዘጋጅ ላይ ነው።

እንግዲያው ባለ ቱርቦውን ሳይባዛ እንቁጠርለት ብትሉ ደግሞ እሱን ትበድላላችሁ፤ በስስ አየር ቱርቦው ይበልጥ ይለፋል፣ የሚገፋው አየርም ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ምድብ አወዳድሩ፣ ስሌቱን ከምዝገባ በፊት አሳውቁ፣ ሳይባዛ የወጣውን ቁጥርም እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አትሙ። አዲስ አበባ ላይ ለማዘጋጀት የምታስቡማ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ማባዣው 1.3ን ያልፋል።

ጋራዡ ማሽኑን በኤስቲዲ ስሌት አስተካክሎት ከሆነም አስለውጡ፤ ኤስቲዲ ከኤስኤኢ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ ደንበኛ ያስደስታል። የግራፉ ማለስለሻም (የመስመሩን ዝላይ የሚያስተካክለው) ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ አንድ ብልጭ ያለች ጫፍ ዋንጫ ትወስዳለች።

አራቱም ጎማ የሚነዳውን መኪና ለሁለት ጎማ በተሠራ ዳይኖ ላይ ማውጣት ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን መሐለኛውን ዲፈረንሻል መግደል ነው። በረዶ ባለበት አገር ከሚመዘገበው ብዙው እንዲህ ያለ መኪና ነው፤ የምዝገባ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ።

ቀጠሮ። መኪናውን ማውጣት፣ ማሰር፣ መለካት፣ ፈቶ ማውረድ ቢፈጥን 20 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት ሦስት መኪና ማለት ነው፣ ያውም ምንም ካልተበላሸ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ብትሠሩ ከ20 መኪና በላይ አትመዝግቡ። ለሁሉም «3 ሰዓት ኑ» የሚል አዘጋጅ የኛን ሰው አያውቅም ማለት ነው፤ ገሚሱ 5 ሰዓት ላይ ቡናውን ይዞ ይደርስና ቀድሞ የመጣውን «ወንድሜ፣ እኔን አስቀድመኝ፣ ሥራ አለብኝ» ይላል። ለእያንዳንዱ የራሱን ሰዓት ስጡት፤ ያረፈደ ወደ መጨረሻ ይሂድ።

አሁን ደግሞ ደሜን የሚያፈላው። ስልክ ይዞ ከሚሽከረከር ጎማ ኋላ የሚቆም ሰው! አንድ ጊዜ የጎማ ጥርስ ውስጥ የተሰነቀረች ጠጠር ተፈናጥራ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ስትበሳ አይቻለሁ። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፣ ከፍታዋም የሰው ጉልበት ላይ። ከዚያ ወዲህ መኪና ከመውጣቱ በፊት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዤ ተንበርክኬ ጠጠሩን አንድ በአንድ እለቅማለሁ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። የማሰሪያው ቀበቶ ቢበጠስም የሚገርፈው አጠገቡ የቆመውን ነው። መሬቱ ላይ መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ ውስጥ የሚቆመው የማሽኑ ሠራተኛ ብቻ ይሁን፣ ልጅ በትከሻው የተሸከመ አባት ደግሞ ጨርሶ ወደ ውስጥ አይግባ። ብርድ ነው ብሎ በር የሚዘጋም አለ። የጭስ ማውጫ ቱቦ ከሌለ ሰው በጋዝ ይታፈናል።

ኮሎራዶ ማደያ ርካሹ ቤንዚን ኦክቴኑ 85 ነው። ፕሪሚየም፣ ማለትም ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን የሚፈልግ ባለ ቱርቦ በዚህ ቤንዚን ሙሉ ፔዳል ከተረገጠ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ምን ቤንዚን እንደሞላ በር ላይ ጠይቁ፣ ርካሹን የሞላውን ወይም የቀላቀለውን መልሱት።

ስንቴ እንደሚለካና የቱ ቁጥር እንደሚያዝም ይጻፍ። ሦስት ጊዜ፣ ትልቁ ይያዛል፣ በመሐል የሚሰጠው ማረፊያም እኩል ነው፣ አበቃ። ማራገቢያው ከተቀመጠበት አይነሳ። ይህ ካልተጻፈ በመሐል የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ላይ የበረዶ ከረጢት የሚጭን ብልጥ አይጠፋም። ደንቡ ካልከለከለው ደግሞ ምን ትሉታላችሁ?

ጀማሪዎቹን አስቀድማችሁ አረጋጉልኝ። ፋብሪካው የሚናገረው ጉልበት ሞተሩ ላይ የተለካ ነው፤ ዳይኖው የሚለካው ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ድርሻቸውን ወስደው ጎማው ላይ የቀረውን ነው። 15 ፐርሰንት ገደማ ቢጎድል የተለመደ ነው። ይህን ሳያውቅ የመጣ ልጅ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ድጋሚ አይመጣም፤ እኔ ደግሞ እነዚህን ልጆች ነው የምፈልጋቸው።

ስለዚህ ለትልቁ ቁጥር ብቻ አትሸልሙ፤ እሱን የሚያሸንፈው ሁሌም ብዙ ገንዘብ ያወጣው ነው። የገዛ መኪናውን ቁጥር አቅርቦ ለገመተም ሽልማት ይኑር። በአሮጌ ኮሮላ የመጣውም እኩል ይጓጓል። ግምቱን ግን መኪናው ሮለር ላይ ሳይወጣ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የቃል ግምት ቁጥሩ ከታየ በኋላ ይሻሻላል።